ጎበዙ ተማሪ ሲሳደድ

ለወላጆችና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ጥናት

ንባብ፦ ዘፍ. 37፡1-36፤ 42፡18-24፤ 44፡18-34



ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው ጎዳና ላይ፣ ደብረ ብርሃን ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር፣ የጫጫ ከተማ ትገኛለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ፣ ከየገጠሩ ወደ ትምህርት ቤት የሚጓዙ ልጆች ጋቢና ነጠላቸውን ተከናንበው በመንገዱ ዳር ሲጣደፉ ያያል። ከእነዚህ አንዱ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ወደ ኋላ ሲጎተት ቢያይ ሰነፍ ነው ይላል፤ ሌላው ብቻውን ቀድሞ ሲሮጥ ቢያይ ደግሞ ትጉህ ነው ይላል። ሁለቱም ግምት ስሕተት ሊሆን ይችላል። ወደ ኋላ የቀረውም ሆነ የቀደመው አብረውት ከሚጓዙት ልጆች እየሸሸ ይሆናልና።

ይህ ጥናት ስለ እንዲህ ዓይነቱ ልጅ ነው። አእምሮው ፈጣን የሆነ፣ መምህር ሲጠይቅ እጁን ቀድሞ የሚያወጣ፣ በዚህም ምክንያት በክፍል ጓደኞቹ የሚሰደብ፣ የሚገፈተር፣ ስንቁን የሚነጠቅና ከጨዋታ የሚገለል ልጅ አለ። ትምህርት ስለሚከብደው ልጅ ወላጅም መምህርም ይጨነቃሉ። ስለ ጎበዙ ግን «እርሱ ደግሞ ምን ጎደለው?» ተብሎ ይታለፋል።

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። ልጆች ይጣላሉ፤ በማግሥቱም አብረው ኳስ ይጫወታሉ። ይህ የልጅነት ጠብ ነው። ማሳደድ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በዚህ ጉዳይ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰፊ ጥናት ያካሄዱት ስዊድናዊ-ኖርዌያዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዳን ኦልቬዩስ ሦስት መለያዎችን አስቀምጠዋል፤ ጉዳቱ ሆን ተብሎ የሚደረግ መሆኑ፣ መደጋገሙ፣ እንዲሁም የሚሳደደው ልጅ ራሱን መከላከል የማይችልበት የኃይል አለመመጣጠን መኖሩ ነው። የኃይል ብልጫው የጡንቻ ብቻ አይደለም። ብዙዎች በአንዱ ላይ ሲተባበሩ፣ ትልልቆች በታናሽ ላይ ሲነሡ፣ የከተማ ልጆች ከገጠር በመጣው ላይ ሲዘብቱም ያው ነው። በአገራችን ዕድሜያቸው እጅግ የሚራራቅ ልጆች በአንድ ክፍል መቀመጣቸው የተለመደ ስለ ሆነ ይህ ነጥብ ለእኛ የበለጠ ክብደት አለው።

ይህን የምጽፈው ከዳር ቆሜ አይደለም። በልጅነቴ በተማርሁበት በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ሳለን፣ በቁመት ከሁላችን የሚያንስ፣ በትምህርት ግን ሁላችንን የሚበልጥ ልጅ ነበረ። መምህራችን እርሱን የክፍል አለቃ አድርገው ሾሙት። ከክፍል ሲወጡም ጠመኔውን ለእርሱ ሰጥተው የረባሾችን ስም በሰሌዳው ላይ እንዲጽፍ ያዙት ነበር። አንድ ቀን የስድስታችንን ስም ጻፈ። መምህሩ ተመልሰው ስድስታችንንም በአለንጋ ገረፉን። ከሰዓት በኋላ በወንዙ መሻገሪያ ላይ ጠበቅነው። እኔ አልመታሁትም፤ ሌሎቹ ሲመቱት ደብተሩን ይዤ ቆምሁ። ደብተሩን ወንዝ ውስጥ የጣለው ሌላ ነው፤ ለጣለው ያቀበልሁት ግን እኔ ነኝ። በማግሥቱ መምህሩ የቤት ሥራውን ሲጠይቁት «ጠፋብኝ» አለ፤ ስለ ጠፋውም ደብተር ተገረፈ። ማንም አልተናገረም። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ያ ልጅ እጁን ማውጣት ተወ፤ ደረጃውም ከአንደኛ ወደ አሥራ ሰባተኛ ወረደ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። ይህን ኃጢአት ለካህን የተናዘዝሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ልጁን ፈልጌ ግን አላገኘሁትም።

ቅዱስ መጽሐፍን ከዚህ በኋላ ሳነብ የዮሴፍ ታሪክ በሌላ መልክ ታየኝ። ስለ ወንድሞቹ ቅናት ሁላችንም ሰምተናል። ነገር ግን ምዕራፍ 37ን ቀስ ብለን ብናነብ ከቅናቱ በፊት የቀደመ ነገር እናገኛለን። በቁጥር 2 ላይ ዮሴፍ የ17 ዓመት ልጅ ሳለ የወንድሞቹን ክፉ ወሬ ወደ አባቱ ያመጣ እንደ ነበር ተጽፏል። በቁጥር 3 ላይ አባቱ ከሁሉ አብልጦ እንደ ወደደውና ለእርሱ ብቻ ልዩ ቀሚስ እንዳሠራለት እናነባለን። ወንድሞቹ በሰላም ሊያናግሩት እንዳልቻሉ የተጻፈው ከዚህ ቀጥሎ በቁጥር 4 ነው። እንግዲህ ዮሴፍ የቤቱ የስም ጻፊ ነበረ ማለት ነው። ጠመኔውን በእጁ ያስያዘው ደግሞ የሚወደው አባቱ ነው። ያዕቆብ በዚህም አላበቃም፤ ወንድሞቹ እንደሚጠሉት እያየ፣ የእነርሱን ደኅንነት አይቶ ወሬ እንዲያመጣለት ያንኑ ልጅ ብቻውን ወደ ሴኬም ላከው።

ያዕቆብን ለመክሰስ አይደለም ይህን ማለቴ። ዮሴፍን ወደ ጉድጓድ የጣሉት ወንድሞቹ ናቸው፤ ኃላፊነቱም የእነርሱ ነው። ዮሴፍ ሕልሙን በወንድሞቹ ፊት ሲተርክ የልጅነት አለማስተዋል ታይቶበት ይሆናል፤ ይህም ቢሆን ጉድጓድ የሚያስጥል በደል አይደለም። ተሳዳጁን ልጅ «ምን አድርገሃቸው ነው?» ብለን ነገራችንን የምንጀምር ሰዎች ይህን ልናስብ ይገባል። ለማለት የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፦ አዋቂዎች ጎበዙን ልጅ በሌሎች ላይ መለኪያና ሰላይ አድርገው ሲጠቀሙበት፣ በፍቅርም ያደርጉት በቸልታ፣ ጠላት ይገዙለታል። ስለዚህ ልጁን መርዳት የሚጀምረው ይህን ሸክም ከላዩ ላይ በማንሣት ነው።

ሸክሙ ብዙ መልክ አለው። አንዱ የስም ጽሕፈቱ ነው። ሌላው ደረጃ ነው፤ ካርድ ሲሰጥ አንደኛ የወጣው ተጠርቶ ይጨበጨብለታል፤ በዚያው ትንፋሽ «እናንተስ አታፍሩም?» ይባላል። ቤት ውስጥም በቡናው ዙሪያ «የእገሌን ልጅ አታየውም?» እንላለን። የእገሌ ልጅ በዚያን ሰዓት ምን እየተሸመነበት እንደ ሆነ አናውቅም። በ2000ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው የአንድ ለአምስት አደረጃጀትም ሁለት ጠርዝ ነበረው። ጎበዙ ልጅ አምስቱን ካስጠና ወዳጅ ያፈራል፤ ስለ አምስቱ ሪፖርት ካቀረበ ግን እንደ ዮሴፍ ይሆናል። እኛም በቤተ ክርስቲያን ከዚህ ነጻ አይደለንም። በጥያቄና መልስ ውድድር ሁልጊዜ የሚሸለመው፣ በልደት በዓል ጨዋታ ሁልጊዜ ዋናውን ክፍል የሚይዘው፣ ንባብ ሁልጊዜ የሚሰጠው ያው አንድ ልጅ አይደለምን? (የቀሩት ልጆች እረኞችና በጎች ይሆናሉ፤ ያውም ድምፅ የሌላቸው በጎች።)

ምልክቶቹን ወላጆች ማወቅ አለባቸው፤ ልጁ ራሱ አይናገርምና። ዘግይቶ ወደ ቤት ይመጣል ወይም ረጅሙን መንገድ ይመርጣል። ደብተሩ ይቀደዳል፤ እስክሪብቶው በየሳምንቱ ይጠፋል። ሰኞ ጠዋት ሆዱን ያመዋል፤ ቅዳሜ ግን ደኅና ነው። ከገጠር ስንቁን ይዞ በከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ልጅ ለአንድ ሳምንት የተሰጠው ዳቦና ቆሎ በሦስተኛው ቀን ያልቅበታል። በጎበዝ ልጅ ላይ የሚታየውና ከሁሉ የሚከፋው ምልክት ግን ችሎታውን መደበቁ ነው። መልሱን እያወቀ ዝም ይላል፤ ፈተና ላይ ሆን ብሎ ይሳሳታል። «ቀለሜ» እና «ሸምዳጅ» የሚሉትን ስሞች ለማራገፍ ራሱን ያሳንሳል። በጌታችን ምሳሌ መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ ምክንያቱ ፍርሃት እንደ ነበር ተናግሯል (ማቴ. 25፡25)። ያ አገልጋይ የፈራው ጌታውን ነበር፤ ይህ ልጅ የሚፈራው ባልንጀሮቹን ነው። ውጤቱ ግን አንድ ነው፤ መክሊቱ ከመሬት በታች ይውላል።

የሴት ልጆች መከራ ብዙ ጊዜ በሌላ መንገድ ይመጣል። ጎበዟን ልጅ በሐሜት ይወጓታል፤ ከመምህር ጋር ስሟን ያነሣሉ፤ በመንገድ ላይ ያስፈራሯታል። እንዲህ ያለው ዛቻ በልጆች ጨዋታ ስም መታለፍ የለበትም፤ ለትምህርት ቤቱ ብቻ ሳይሆን እንደ ክብደቱ ለፖሊስም ሊነገር ይገባል። ዛሬ ደግሞ የእጅ ስልክ ያለበት ሁሉ በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ፎቶግራፍ እያዘዋወረ ስለሚሳለቅ፣ ስደቱ ልጅቱን ተከትሎ እስከ መኝታዋ ይገባል።

ልጁ ሲናገር ምን እንበል? በብዙ ቤት ሁለት መልሶች ተዘጋጅተው ይጠብቁታል። አንደኛው «ተወው፣ የልጅ ነገር ነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ተመትተህ እንዳትመጣ! ተመትተህ ከመጣህ እኔ እደግምሃለሁ» የሚለው ነው። በመጀመሪያው ልጁ ብቻውን ይቀራል፤ በሁለተኛው ደግሞ ቤቱም እንደ መንገዱ የሚያስፈራ ይሆንበታል። ይልቁንስ እናትም ሆነች አባት ቁጭ ብለው ይስሙት፤ እንደ መርማሪ አያጣድፉት። «ስለ ነገርኸኝ ደግ አደረግህ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ይበሉት። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ማን ያይ ነበር የሚለውን በጽሑፍ ይያዙ፤ መጻፍ የማይችል ወላጅ የሚጽፍለት ሰው ይፈልግ። ምስጢሩን ለማንም እንደማይናገሩ ግን ቃል አይግቡለት፤ ሊያከብሩት የማይችሉት ቃል ነውና። ከዚያ ዱላ ይዘው ወደ አሳዳጁ ልጅ ቤት ሳይሆን የተጻፈውን ይዘው ወደ ክፍሉ ኃላፊ መምህር ይሂዱ። መልስ ካጡ ወደ ርእሰ መምህሩ፣ ከዚያም ወደ ወላጆች፣ ተማሪዎችና መምህራን ኅብረት ያመልክቱ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ ወላጆች የልጆቻቸው የመጀመሪያና ዋና አስተማሪዎች መሆናቸውን አስታውቋል። እንግዲህ ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ምጽዋት ለመለመን አይደለም፤ የራሱን ሥራ ሊሠራ ነው።

አሳዳጁን መግረፍስ? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ይህ መብት ለአሳዳጁም ልጅ ነው። ሕጉ ባይኖር እንኳ፣ ጉልበት ያለው ጉልበት የሌለውን እንዲመታ ያስተማርነውን ልጅ በዱላ ልናስተምረው አንችልም፤ ትምህርቱን እንደግምለታለን እንጂ። ያን ስድስት ልጆች የገረፈው አለንጋ በወንዙ መሻገሪያ ላይ ምን እንዳደረገ አይቻለሁ።

ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ (1815-1888 እ.ኤ.አ.) ይህን ትምህርት የተማረው በራሱ ላይ ነው። በኢጣልያ በኪየሪ ከተማ ተማሪ ሳለ ሉዊጂ ኮሞሎ የሚባል ትሑትና ትጉህ ጓደኛ ነበረው፤ ሌሎች ተማሪዎች በጥፊ ሲመቱት እርሱ ይቅር ይላቸው ነበር። አንድ ቀን ዮሐንስ ታግሦ አልቻለም፤ ብርቱ ስለ ነበረ ከአጥቂዎቹ አንዱን በትከሻው ይዞ እንደ ዱላ እያወዛወዘ ሌሎቹን መታባቸው። ኮሞሎ ግን አላመሰገነውም፤ እግዚአብሔር ብርታትን የሰጠው ጓደኞቹን እንዲፈጅበት አለመሆኑን ነገረው። ዮሐንስ ቦስኮ ይህን በማስታወሻው ላይ ሳይደብቅ ጽፎታል። በ1877 እ.ኤ.አ. ስለ ትምህርት አሰጣጥ ሲጽፍ ደግሞ አሳዳጊው ጥፋት ከተፈጸመ በኋላ ከመቅጣት ይልቅ፣ አስቀድሞ በልጆቹ መካከል በመገኘት ጥፋቱ እንዳይፈጸም መከላከል እንዳለበት አስተማረ። ለእኛ ይህ ምክር ተግባራዊ ነው። ማሳደድ በመምህር ፊት አይደረግም፤ በመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ፣ በውኃ ቧንቧው ዙሪያ፣ በበሩ መውጫ፣ በወንዙ መሻገሪያ ይደረጋል። በእነዚህ ስፍራዎች አንድ አዋቂ ሰው መታየቱ ብቻ ብዙ ነገር ይለውጣል።

ስለ ተመልካቾቹ ልጆች ደግሞ ሮቤልን እንመልከት። ሮቤል ዮሴፍ እንዲሞት አልፈለገም፤ በኋላ ተመልሶ ሊያወጣው አስቦ ነበር። ነገር ግን ወደ ጉድጓድ መጣሉን በወንድሞቹ ፊት በግልጽ አልተቃወመም፤ ሲመለስም ጉድጓዱ ባዶ ነበር። እንደ ሮቤል ያሉ ልጆች በየክፍሉ አሉ፤ እኔም ሮቤልን እንኳ አላህልም። በካናዳ ትምህርት ቤቶች ተካሂዶ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ተመልካች ልጅ ጣልቃ በገባባቸው ጊዜያት ከግማሽ በሚበልጡት ማሳደዱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። ስለዚህ ካቴኪስቶች ይህን ክፍል ስታስተምሩ ልጆቹን «ዮሴፍን ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?» ከማለት ይልቅ «ሮቤልን ብትሆኑስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዱላ አንሥቶ መጋጠም አይጠበቅባቸውም። «ተዉት» ማለት፣ የተገፋውን ልጅ ጠርቶ አብሮ መሄድ፣ ሮጦ አዋቂ መጥራት ይበቃል። አዋቂ መጥራት ማሳበቅ እንዳይመስላቸውም ልዩነቱን አስረዱ፤ አሳባቂ ሰውን ለማስቀጣት ይናገራል፤ ይህ ግን ሰውን ለማዳን የሚነገር ነው።

አንድ ጎበዝ ልጅ ከጉድጓዱ ለመውጣት ብዙ ጊዜ የሚበቃው አንድ አስተዋይ አዋቂ ነው። ከጫጫ ደብረ ብርሃንን አልፈን ወደ ምሥራቅ ስንጓዝ አንኮበር እንደርሳለን። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በ1932 እ.ኤ.አ. የተወለዱት በዚያ ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተላኩ። በኋላ ዘመን ስለዚያ ወቅት ሲናገሩ፣ ከብርዱ፣ ከማያውቁት ሥርዓተ ትምህርትና ከባዕድ ልማድ ሌላ ከአዳሪ ትምህርት ቤቱ ጉልበተኞች ጋርም መታገል እንደ ነበረባቸው አስታውሰዋል። በዚያው ትምህርት ቤት ግን የሥዕል ተሰጥኦአቸውን ያስተዋሉና ያበረታቷቸው መምህራን ነበሩ። ወጣቱም ወደ ሥነ ጥበብ ትምህርት ዞረው በለንደን ስመ ጥር በሆነው በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው ታላቁ የመስተዋት ሥዕል የእርሳቸው ነው፤ በዓዲግራት ካቶሊካዊት ካቴድራልም የእጃቸው ሥራ ይገኛል። በ2004 ዓ.ም. አርፈዋል።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖም በኮሎኝ ተማሪ ሳለ ዝምተኛና ግዙፍ ስለ ነበረ ጓደኞቹ «ዲዳው በሬ» እያሉ ይሳለቁበት እንደ ነበር ይተረካል። መምህሩ ቅዱስ አልቤርቶስ ችሎታውን በተረዳ ጊዜ፣ የዚህ በሬ ድምፅ አንድ ቀን በዓለም ሁሉ እንደሚሰማ በተማሪዎቹ ፊት ተናገረ። ልብ በሉ፤ አልቤርቶስ ቶማስን ከፍ ሲያደርግ ሌሎቹን አላዋረደም፤ በእነርሱም ላይ አለቃ አድርጎ አልሾመውም። በሌላ ትረካ ደግሞ አንድ ጓደኛው ያልገባው መስሎት ራርቶለት ሊያስጠናው እንደ ጀመረ፣ ቶማስም በትሕትና እንደ ተቀበለው፣ ጓደኛው መንገድ ላይ ሲጠፋበት ግን ቶማስ በቀስታ እንዳብራራለት እናነባለን። ጎበዝ ልጆቻችንን ይህን ልናስተምራቸው እንችላለን፤ እውቀታቸውን እንዲደብቁ ሳይሆን እንዲያካፍሉ።

በመጨረሻ ስለ እርቅ። በአገራችን ሁለት ልጆችን አቁሞ «በሉ ታረቁ፣ ተሳሳሙ» ማለት የተለመደ ነው። በእኩዮች ጠብ መልካም ነው። በማሳደድ ጊዜ ግን የተገፋው ልጅ በፍርሃት ይስማል፤ ወደ መንገድ ሲወጡም ዕዳው በእጥፍ ይከፈለዋል። በምሥጢረ ንስሐ መጸጸት፣ መናዘዝና ካሣ እንዳለ እናስተምራለን፤ ልጆችን ስናስታርቅ ግን ሦስቱንም እንዘላለን። ዮሴፍ ወንድሞቹን በግብፅ ሲያገኛቸው ወዲያው አልተገለጠላቸውም። በምዕራፍ 42 ቁጥር 21 ላይ፣ ዮሴፍ በጭንቀት እንደ ለመናቸውና እነርሱም እንዳልሰሙት ለራሳቸው ሲናዘዙ እንሰማለን። ያ ልመና ድርጊቱ በተፈጸመበት በምዕራፍ 37 አልተጻፈም፤ በዚያ የተጻፈው እንጀራ ሊበሉ መቀመጣቸው ነው። የልጁ ጩኸት በታሪኩ ውስጥ የሚሰማው ጣዮቹ ራሳቸው ሲያስታውሱት ነው። ዮሴፍ ራሱን የገለጠው ይሁዳ ስለ ታናሹ ስለ ብንያም ባሪያ ሆኖ ሊቀር ራሱን ካቀረበ በኋላ ነው (ዘፍ. 44፡33)። እኛም አሳዳጁን ልጅ ለብቻው እንጥራው፤ የሠራውን በራሱ አንደበት ይናገር፤ የቀደደውን ደብተር ይተካ፤ የእርሱንም ቤት እንጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ በዚያም የሚመታ እጅ እናገኛለን። እርቁ ከዚያ በኋላ ቢዘገይም ይምጣ።

ይህን ጽሑፍ በቁምስናችሁ በቡድን ስታነቡ ሁለት ነገር ተወያዩ። በሰንበት ትምህርታችን ስም የሚጽፍ፣ ወሬ የሚያመጣ ልጅ ሾመናልን? ከልጆቻችን መካከል ባለፈው ዓመት እጁን ያወጣ የነበረ፣ ዘንድሮ ግን ዝም ያለ ማን ነው? ስሙን ካገኛችሁት በዚያው ሳምንት፣ ትምህርት ቤት በሚለቀቅበት ሰዓት፣ ከመካከላችሁ አንዱ ወይም አንዷ በሩ ላይ ቆማችሁ ጠብቁት፤ እስከ ወንዙ መሻገሪያም አብራችሁት ሂዱ።